ማስተር ቤድሩም ለየኔታ

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሰው አያሙም፤ ቤት ግን አይምሩም። አመሻሽ ላይ፣ በትንሿ ከተማችን በወገዳ ኔትወርክ ከተገኘ፣ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ የአዲስ አበባን ቪላዎች እናያለን። ጠባብ ሱሪ የለበሰ ወጣት ወደ ኋላ እየተራመደ ሳሎን ያስጎበኛል። መጋረጃው በሪሞት ይከፈታል፣ ከኮርኒሱ ላይ ክሪስታል መብራት ይንጠለጠላል፣ አባቴ ደግሞ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጥፋት ይፈልጋሉ። አጥተውት አያውቁም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። የምኖረው ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ፣ ማኅሌት መቆሙም ለጉልበታቸው ሲከብዳቸው፣ አባቴ ከገጠሩ ደብር ወደ እኔ መጡ። እኔም ከባሌ ተፋትቼ ብቻዬን ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ የምናወራው ጠፍቶን ነበር። እሳቸው የተማሪዎቼን ነገር ይጠይቁኛል፣ እኔ የጉልበታቸውን፤ በዚያው ያበቃል። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የመጣ ቪላ አሳየኋቸውና "ይህን የሠራው ሰው ጠላት አለው እንዴ?" አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬ አጥተን አናውቅም።

አባቴ ቤት የሚለኩት በሚያውቁት ሕንፃ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አላት፦ ከውጭ ካህናቱ የሚዘምሩበት ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያ ቅድስት፣ ከዚያ ከመጋረጃ በስተጀርባ መቅደስ። ቤትም እንደዚያው መሆን አለበት ባይ ናቸው። ለእንግዳ፣ ለቤተሰብ፣ ከዚያ ደግሞ ማንም የማያየው። የሀብታሞቹ ቤት ግን በእሳቸው አባባል ከደጅ እስከ ጓሮ ቅኔ ማኅሌት ነው። ኩሽናው ከሳሎኑ ጋር አንድ ላይ የተከፈተበትን ቤት መጀመሪያ ያዩ ቀን ስልኩን ተጠግተው ብዙ አዩት።

"መጋረጃው ምን ሆነ?" አሉኝ።

"የለውም አባዬ። ኦፕን ኪችን ይሉታል።"

"ያ መሐል ላይ የቆመው እምነበረድስ?"

አይላንድ የሚባለውን ነበር የሚያሳዩኝ። ብቻውን መሐል ወለል ላይ የቆመ፣ አራት ማዕዘን፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። እሳቸው መንበር መስሏቸው ነበር፤ ታቦት የሚያርፍበት። ሽንኩርት የሚከተፍበት ነው ስላቸው አማተቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቪላው ሽንኩርቱን ይጠብቃሉ። ወጣቱ እምነበረዱን እየደባበሰ ከጣሊያን የመጣ መሆኑን ይናገራል፣ አበባ ይታያል፣ አንድ ሳህን ሎሚ ይታያል፣ ሽንኩርት የለም። "በዚያ አገር ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው አልቋል?" ይላሉ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ወጡ የሚሠራው ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ይህ ደስ አሰኛቸው። በቤተ ክርስቲያንም መሥዋዕቱ የሚሰናዳው ለብቻዋ በቆመችው ቤተልሔም ነው፤ ማንም አይገባባትም። ሀብታሞቹም ቤተልሔም አላቸው ማለት ነው። ትንሽ አሰቡና ግን እንደገና ተበሳጩ።

"ታዲያ የፊቱ ኩሽና ምን ያደርጋል?"

"ለማሳየት ነው።"

"ምኑን?"

"ኩሽና እንዳላቸው።"

እኔም ከእሳቸው አላንስም። የእኔ ጠላት ወርቃማ ቀለም ነው። ቧንቧው ወርቅ፣ የበሩ እጀታ ወርቅ፣ የሽንት ቤት ወረቀት መስቀያው ሳይቀር ወርቅ። ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ ምን ዓይነት ሐሳብ ሊያስብ እንደሚችል ለመገመት ሞክሬ ትቼዋለሁ። የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ጀርባው ብቻ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ መጽሐፍ ደርድረው ያየሁ ቀን ደግሞ ስልኩን ዘግቼ ከቤት ወጣሁ። ግን ሁሉንም አልጠላም። አንድ ቤት ውስጥ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ መስኮት ነበር። ሌላ ምንም የለበትም፤ ነጭ ግድግዳና የከሰዓት ፀሐይ ብቻ። እዚያች መታጠፊያ ላይ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም ራሴን አየሁት። ቪዲዮውን ደጋግሜ፣ አባቴ ሳያዩ ነው የማየው፤ ቢይዙኝ እስከ ፋሲካ መሳቂያ ያደርጉኛል።

ታዲያ አንድ ምሽት ወጣቱ የመኝታ ቤት በር ከፍቶ "ይሄ ማስተር ቤድሩሙ ነው" አለ። አባቴ ማስተር ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ወረቀት እያረምኩ ነበር፤ ቀና ሳልል "መምህር ማለት ነው" አልኳቸው። አንዱ ትርጉሙ ነው፤ አልዋሸሁም። ኋላ ቀና ብል ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

"ለመምህር ክፍል ይለያሉ?" አሉ።

አባቴን አገር ምድሩ "የኔታ" ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ክረምት የሚያፈስስ በጋ ቁንጫ የሚፈላበት ጎጆ ውስጥ ነው። አሁን የአዲስ አበባ ሀብታም ከቤቱ ሁሉ ሰፊውን ክፍል፣ ትልቁን አልጋ፣ ከነመታጠቢያው፣ ለየኔታ እንደሚለይ ሰሙ። እዚህ ላይ ማስተር ማለት የቤቱ ጌታ ነው ብዬ ላርማቸው ፈልጌ ነበር፤ ሳቄ አላስችል አለኝ። ሳቄ ሲያልፍ ደግሞ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ከዚያ በኋላ አንድን ቤት ከመሠረት እስከ ጣሪያ ካወረዱት በኋላ "ሌላው ይቅር፣ መምህር ያከብራሉ" ብለው ይደመድማሉ።

ታላቅ ወንድሜ ስልክ የደወለው በዚህ መሐል ነው። አዲስ አበባ ሴራሚክና ቧንቧ እየነገደ ነበር የኖረው፤ ንግዱን ወደ አገሩ አዙሮ ንፋስ መውጫ ላይ ቤት ሲያሠራ ከርሟል። "አባዬ፣ ቤቱ አልቋል። ይምጡና እኔ ጋ ይኑሩ" አላቸው። አባቴ "እናየዋለን" አሉ።

ከፋኝ። ምን እደብቃለሁ። ወንድሜ ቪላ አለው፣ ሚስት አለችው፣ ልጆች አሉት፤ እኔ ያለኝ እሳቸው ናቸው። ትራስ ላይ ስልክ አስደግፌ ብቻዬን የማንን ቤት ላማ ነው? ቅዳሜ ሄደን ሰኞ እንመለሳለን፣ ከሰዓት የማስተምረው ክፍል አለኝ አልኳቸው። አውቶቡሱ በጠጠሩ መንገድ እያንገጫገጨን ሲሄድም ሰኞ ሰኞ እያልኩ አሰለቸኋቸው።

"ማን እቀራለሁ አለሽ?" አሉኝ በመጨረሻ። "ቤቱን አይቼ፣ መርቄ፣ ከኋላው አምቼው እመለሳለሁ።" ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

ንፋስ መውጫ በስሙ ማስጠንቀቂያ የለጠፈ ከተማ ነው። ወንድሜ እዚያ ላይ፣ ያውም ከዳገቱ ጫፍ፣ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ፎቅ አቁሟል። ከባጃጁ ወርደን ቀና ስንል አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

"ይህን ቤት ተሳድበነዋል" አሉኝ በጆሮዬ።

እውነታቸውን ነው። ቪዲዮ ላይ ካየነው የቦሌ ቤት ጋር ቁርጥ ነበር፤ መስታወቱ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያው፣ መግቢያው ላይ ያለው ውሃ የሌለው ፏፏቴ ሳይቀር። ወንድሜ በደስታ እየሮጠ ወጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔም ሳምኩትና "ጋሼ፣ በጣም ያምራል" አልኩት። ከፊል እውነቴን ነበር።

አባቴ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ወለሉ ፊት የሚያሳይ ፖርሴሊን ነው፤ በካልሲ ሲረግጡት አንሸራቶ ሊጥላቸው ሆነ። ወንድሜ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ይዘን፣ መቋሚያቸው ፊት ፊት እየሄደ፣ ሳሎኑን ተሻገርን። ነፋሱ ከአልሙኒየሙ ፍሬም ሥር እየገባ ያፏጫል። አባቴ ቆም ብለው ጆሯቸውን ሰጡ።

"አራራይ ነው የሚለው" አሉ። ያዘነ ቅላፄ ያለው ዜማ ነው አራራይ። "ሌሊት ሰዓታት የሚቆምልህ ካህን አያስፈልግህም።"

ወንድሜ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ምሳ ከሆቴል አስመጣ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና ገበያተኛው ከነአህያው በደጁ ያልፋል፤ ያልፋል ማለት እንኳ አይቻልም፣ ይቆማል። መስታወቱ ከውጭ ሁሉን ያሳያል። አንድ ሽማግሌ አባቴን አወቋቸውና ከዚያ ማዶ ቆባቸውን አንስተው እጅ ነሡ፤ አባቴም የጎረሱትን ሳይውጡ ተነሥተው እጅ ነሡ። ሌላ መጣ፣ እንደገና ተነሡ። እንጀራው ደረቀ። እኔ በሰው ዓይን ፊት መጉረስ አልሆንልሽ አለኝና ጀርባዬን ሰጥቼ በላሁ። ወንድሜ ጨርሶ አልበላም።

"ምራቴና ልጆቹስ?" አሉ አባቴ።

"ትምህርት ሲዘጋ ይመጣሉ።"

አይላንዱን ዞረው ፈተሹት። አንድ ሳህን ሎሚ ተቀምጦበታል፤ አንዲት ጭረት የለችበትም። ወደ እኔ ዞር ብለው በዓይናቸው "ሽንኩርት የለም" አሉኝ።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣን። ደረጃው መታጠፊያ ላይ መስኮት ነበረው፤ እዚያ ጋ ስደርስ እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። ከሰዓት ስለነበር ፀሐዩ ነጩ ግድግዳ ላይ አርፎ ነበር። በዚያች ደቂቃ ወንድሜን ቀናሁበት፤ አባቴን ይውሰድና መስኮቱን ይስጠኝ እስከማለት ደርሻለሁ። ወንድሜ ግን ቀድሞ አንድ በር ከፍቶ "ይሄ ማስተር ቤድሩም ነው" እያለ ነበር።

አባቴ ደፉ ላይ ቆሙ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ልጄ" አሉ። "ለአባት ብቻ አይደለም፤ ለመምህር አደረግኸው።"

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መብራቱ አየሁ። የራሱን ክፍል እንዴት አድርጎ እንደሚያስመልስ ለማየት ጓጉቼ ነበር። እሱ ግን ቶሎ ብሎ "የእርስዎ ነው አባዬ" አለ፤ ቅርም አላለው። ጋቢያቸውን አልጋው ላይ ሳስቀምጥ አንሶላው ከሱቅ ሲወጣ የነበረው እጥፋት ገና አልለቀቀውም። ለእንግዳ አዲስ አንጥፎ ነው ብዬ አለፍኩት።

ማታ አባቴ ሙቅ ውሃ ገቡ። ቆዩብኝና በር አንኳኳሁ፤ ከውስጥ ዜማ ይሰማል። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ፣ ጉልበታቸውን እያሹ፣ "ይህችን ነገር አልሳደብም" አሉ። ቧንቧውና ወረቀት መስቀያው ወርቃማ የሆነው ሽንት ቤት ከአልጋቸው ጥቂት እርምጃ ነው። እኔ ጋ ግን ከግቢው ማዶ ነው፤ ክረምት ሲሆን በጭቃ ውስጥ ደግፌያቸው እሄዳለሁ፣ ሁለታችንም እንደማናፍር ሆነን ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። እዚህ ብቻቸውን በክብር ይሄዳሉ። ያን ማታ በእንግዳ ክፍል ተኝቼ ያንን ወርቃማ ቧንቧ አምርሬ ጠላሁት። ከእሱ ጋር መወዳደር አልችልም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ወደ ጓሮ ዞሩ። ቤተልሔሙን ሊያዩ ነው፤ ትላንት ሳያዩት በመዋላቸው ሲነጫነጩ ነበር ያደሩት። ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ።

ሰርቪስ ቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። መሬት ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ጋቢ፣ ምስማር ላይ የወንድሜ ሸሚዞች። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ብርጭቆ። በማጣበቂያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የልጆቹ ፎቶ፣ ጫፉ ከመነካካት ብዛት የተጨማደደ። ክፍሉ ይሞቃል፤ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። ሰው ሰነባብቶበታል። ያንን ሁሉ ፎቅ ሠርቶ የሚኖረው እዚህ ነበር።

ወንድሜ ከኋላችን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ "ነፋሱ እያስቸገረኝ ነው፣ እዚህ ይሻላል" አለ። አባቴ ወደ ልጆቹ ፎቶ አዩ። ይሄኔ "አይመጡም አባዬ" አለ። "እሷ አዲስ አበባን አትለቅም። ልጆቹንም አትልክም።"

"መቼ ነገረችህ?"

"ጣሪያው ሳይመታ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ መስታወት ለማን ገጠምኸው?"

"ካዩት ይመጣሉ ብዬ ነው" አለ። "ቤቱን የመረጠችው እሷ ነበረች፤ ቪዲዮ ላይ አይታ ደስ ብሏት ነበር።"

ያኔ ነው ወንድሜን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት። ከስቷል። በልጅነታችን ከሁላችን በፊት የሚስቀው፣ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር እኔን አስቆ የሚያስመታኝ እሱ ነበር፤ ከመጣን ግን ጥርሱን አላየሁትም። አሳዘነኝ። አባቴን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስጠላው የከረምኩትን ሰው አሳዘነኝ፤ ይህም ራሱ አናደደኝ።

አባቴ ጉልበታቸውን ይዘው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

"ና ቁጭ በል" አሉት። ተቀመጠ። "እኔ እንግዲህ ስለ ቤትህ የማስበውን ልንገርህ። አንተን ይቅርታ፣ ቤቱን ግን ይቅርታ አልጠይቅም።"

ጀመሩ። ከፏፏቴው ተነሡ፦ ውሃ የሌለበት ምንጭ የሚሠራ ሰው ጸበልተኛ እንዳያስት በሕግ ይጠየቅ አሉ። ወለሉ ሽማግሌ ለመግደል የተነጠፈ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነው የአገራችንን የጋይንትን ክረምት አስተኝቶ ለማሳደር ይሆን? መንበሩ ሎሚ ተሹሞበታል። መስታወቱ ለገበያተኛ ሁሉ የሰውን ምሳ ያከፋፍላል፤ ያውም ሳያጎርስ። ወንድሜ መጀመሪያ አንገቱን ደፋ። ሎሚው ጋ ሲደርሱ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነበር። ከዚያ እኔ ስለ ወርቁ የወረቀት መስቀያ ተቀበልኳቸው፤ እሱም ራሱ፣ ማታ ማታ አንድ ማብሪያ ሲጫን ሌላ ሰባት ቦታ እየበራበት መተኛት እንዳቃተው ጨመረ። ሆዱን ይዞ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ከዚያ ድስቱ ውስጥ የተረፈውን ሽሮ አሙቆልን ሦስታችንም በአንድ ሳህን በላን፤ ማንም አላየንም።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ተቻኩዬ ወረድኩ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ቦርሳዬን አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆመዋል። የእሳቸው ቦርሳ የለም።

"ልብስዎን አላሰናዱም?"

"አላሰናዳሁም።"

ገብቶኛል። ግን መጣላት አማረኝ። "ቤቱ አይረባም ሲሉ አልነበረም?"

"አይረባም። ዛሬም አይረባም።" ወደ ላይ፣ ወደ መስታወቱ አዩ። ከውስጥ ወንድሜ ባጃጅ ለመጥራት ስልክ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። "እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው ብቻውን ከዋለ ቤቱን ያምነዋል። አጠገቡ ሆኖ የሚሳደብለት ሰው ያስፈልገዋል።"

"እኔስ?" አልኳቸው። ድምፄ የሕፃን ሆኖ ወጣ።

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረጉልኝ። ግንባሬን ሳሙኝ።

"ያንቺ ቤት የሚሰደብ ምን አለው?" አሉ።

ባጃጁ መጣ፤ ሄድኩ። ምስጋና መሆኑ የገባኝ ወገዳ ልንገባ ስንል ነው። እስከዚያ ድረስ ቤትሽ ለስድብ እንኳ አይበቃም ተብዬ የተሰደብኩ መስሎኝ፣ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ መጣሁ።